ወዳጃቸው ልባቸው፦ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ሕይወት



በጄኔቫ፣ ከፕላንፓሌ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ፣ በጄኔራል ዱፉር ጎዳና ላይ ኡኒ ዱፉር የሚባል የዩኒቨርሲቲ ሕንጻ ቆሟል። ግራጫ ሲሚንቶ ነውና ዐይን የሚይዝ ውበት የለውም፤ ዕለት ዕለት በአጠገቡ የሚያልፉ ኢትዮጵያውያንም ቀና ብለው የሚያዩበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ነገር ግን በዚያው ቦታ ላይ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በእሳት እስኪጠፋ ድረስ፣ ሌላ ሕንጻ ነበረ። የከተማው የምርጫ አዳራሽ ሲሆን የዓለም መንግሥታት ማኅበር በዚያ ዘመን ጠቅላላ ጉባኤውን የሚያደርገው በእርሱ ውስጥ ነበር። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተነሥተው በአማርኛ የተናገሩት፣ የኢጣልያ ጋዜጠኞችም በፉጨት ሊያቋርጧቸው የሞከሩት በዚያ አዳራሽ ነው።

ይህን ንግግር ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከንግግሩ በፊት የነበሩትን ቴሌግራሞች የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ከኅዳር 1927 ዓ.ም. ጀምሮ ከአዲስ አበባ ወደ ጄኔቫ የተላከው አቤቱታ በርከት ያለ ሲሆን በብዙዎቹ ግርጌ የሰፈረው አንድ ስም ነበር፤ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ የኅሩይ ስም። ያ ስም ያረፈበት ቃል ሁሉ በኋላ እውነት ሆኖ ተገኘ። የአንድ መንግሥት ሹም ቃል እውነት መሆኑ ሊያስደንቅ ባልተገባ ነበር፤ በዚያን ጊዜ በዚያ አዳራሽ ከተነገረው ብዙ ቃል ጋር ሲመዘን ግን ያስደንቃል። ስለዚህ ሰውዬው ከየት መጡ፣ ልባቸውንስ በምን ጠበቁ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በሸዋ ውስጥ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ገብረ መስቀል ነበር። ኅሩይ ማለት በግእዝ የተመረጠ ማለት ነውና በኋላ የጸናላቸው ይህ ስም ሆነ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስላረፉ የቤቱ ሸክም በትንሽ ትከሻ ላይ ወደቀ። ብላቴናው ግን ከትምህርቱ አልተለየም። ወደ እንጦጦ መጥተው በደብረ ኃይል ቅዱስ ራጉኤል የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ቀጠሉ። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ተራራ ወደ አዲስ አበባ ባወረዱበት ዘመን፣ ከተራራው ላይ በብራናና በቀለም የሚያድጉ ብላቴኖች ሁለት ዓለም ይታያቸው ነበር። ከኋላቸው የሊቃውንቱ ጉባኤ፣ ከፊታቸው ደግሞ ስልኩ፣ የባቡሩ ወሬ፣ የውጭ አገር መልእክተኛው። ኅሩይ የመጀመሪያውን ሳይለቁ ሁለተኛውን ያዙ። ጽሕፈታቸው ያማረ ስለነበረ ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ያስገባቸውም ይኸው የጸሐፊነት ሙያ ነው።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ስለ ልብ ንጽሕና ሲነገር መጀመሪያ ወደ አእምሮው የሚመጡት መጻሕፍተ መነኮሳት ናቸው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። ሊቃውንቱ እነዚህን ሲተረጕሙ የቅድስናውን መንገድ በሦስት ይከፍሉታል፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስ፣ ንጽሐ ልቡና። በእያንዳንዱም ውስጥ መዓርጋት አሉ፤ ከጽማዌ ተጀምሮ እስከ ከዊነ እሳት የሚያደርስ ረጅም መሰላል ነው። መሰላሉን የሚወጣው ግን በአብዛኛው የገዳም ሰው ነው ተብሎ ይታሰባል። ሚስት ያገባው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ዳኝነት የተቀመጠው፣ ከነጋዴና ከመልእክተኛ ጋር የሚውለው ሰው በየትኛው እርከን ላይ እንደቆመ የሚነግረው መጽሐፍ፣ ያውም በሚሰማው በአማርኛ ቋንቋ፣ በዚያን ጊዜ እንደ ልብ የሚገኝ አልነበረም። የኅሩይ የድካም ዘመን ሁሉ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተሰለፈ ይመስላል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ እግዚአብሔርን ያዩታል ብሎ ብፁዓን ያላቸው ንጹሐነ ልብ፣ በጽሕፈት ጠረጴዛ ዙሪያም ሊገኙ ይችላሉ ብለው የሚያምኑ ሰው ነበሩ።

የመጀመሪያው የልባቸው ምልክት የታየው ስለ ራሳቸው በጻፉት ሳይሆን ስለ ሌሎች በጻፉት ነው። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን በግእዝና በአማርኛ የተጻፉ መጻሕፍት ዘርዝረው ካታሎግ አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ አስፍተው እንደገና አወጡት። በ1915 ዓ.ም. የሕይወት ታሪክ በሚል ርእስ፣ በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን፣ የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን ታሪክ በየስማቸው ሰብስበው ጻፉ። በ1918 ዓ.ም. መጽሐፈ ቅኔን አወጡ፤ የቀደሙትንና የኋለኞቹን ባለቅኔዎች ቅኔ ከነባለቤቶቹ ስም የያዘ ስብስብ ነው። ቅኔ ቤት የገባ ሰው የዚህን ዋጋ ያውቃል። ቅኔ በተሰጠበት ማኅሌት ተደንቆ፣ በማግሥቱ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ባለቤቱ የሚጠፋ ነገር ነው፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ መስጠትም በቅኔ ቤት የታወቀ ፈተና ነው። የእያንዳንዱን ሰው ድካም በየስሙ መጻፍ ቀላል የጸሐፊ ሥራ ይመስላል። ለባልንጀራው የሚገባውን ምስጋና ሳይቀንስ የሚሰጥ ሰው ግን ከቅንዓት የሚዋጋ ሰው ነው።

በ1910 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፋቸው ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ይባላል። ርእሱ እንደሚያመለክተው አባት ልጁን ይመክራል፤ ምክሩም አባቱ ካለፈ በኋላ መታሰቢያው ሆኖ ይቀራል። ኅሩይ አባታቸውን በልጅነታቸው ያጡ ነበሩና ሳይመከሩ የቀሩትን ለልጆቻቸው የጻፉት ይመስላል። ይህ ርእስ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሸከመውን ኀዘን ግን በዚያን ጊዜ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ቀጥሎ በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ ወጣ። ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ወዳጅ እየተነጋገረ የሚሄድበት፣ ጠባያትም ሰው ሆነው የሚታዩበት የምሳሌ መጽሐፍ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን የጻፈው፣ በአማርኛም የክርስቲያን መንገድ ተብሎ የታወቀው መጽሐፍ ጥላውን እንዳሳረፈበት ሥነ ጽሑፉን ያጠኑ ሰዎች ይናገራሉ። ይሁን እንጂ ሐሳቡን ኢትዮጵያዊ የሚያደርገው ነገር በርእሱ ውስጥ አለ። አማርኛ ተናጋሪ ልቡን ሲፈራው ይኖራል፤ ልቤ ሸፈተ፣ ልቤ ከዳኝ፣ ልቤ አታለለኝ ይላል። ኅሩይ ግን ልብን እንደ ጠላት ከመቆጣጠር ይልቅ እንደ ወዳጅ ለማስተማር ተነሡ። ወዳጅ ይመክራል፣ ይመከራልም፤ ሲሳሳት ይገሠጻል እንጂ አይጣልም። ልብን ማንጻት አንድ ቀን ተቈርጦ የሚያልቅ ውሳኔ ሳይሆን ከወዳጅ ጋር ዕድሜ ልክ የሚደረግ ጉዞ ነው የሚለው አስተያየት፣ ከሰባቱ ዓመት ልጅ ጀምሮ ንስሐ የምትሰጥ ቤተ ክርስቲያን ልጅ አስተያየት ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የመንግሥት ሥራው አልተቋረጠም። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ የጆርጅ 5ኛ ዘውድ በዓል ላይ እንዲገኙ ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ሲላኩ ኅሩይ አብረው ተጓዙ፤ ኢየሩሳሌምንም ለመሳለም በቁ። ኋላ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሠሩ። የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚከራከሩበት ልዩ ፍርድ ቤትም በኃላፊነታቸው ሥር ነበር። ያ ችሎት ከባድ ፈተና ያለበት ስፍራ ነው፤ በአንድ በኩል የቆንስሉ ጫና፣ በሌላው በኩል የአገሬው ሰው አቤቱታ አለና። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምንና የአውሮፓን ከተሞች ሲጎበኙ ከተከተሏቸው አንዱ ነበሩ፤ የጉዞውንም ታሪክ ደስታና ክብር ብለው አሳተሙት። ብላታ፣ ከዚያም ብላቴን ጌታ ተባሉ። ከዘውዱ በዓል በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቁመው መጻሕፍታቸውን በዚያ ያሳትሙ ነበር። እንደዚህ ያለ ሹመት ያለው ሰው ቀን ቢሮ ውሎ ማታ መጽሐፍ የሚጽፍበትን ጊዜ ከየት እንደሚያመጣ፣ በስደት አገር በሁለት ፈረቃ የሚሠሩ የደብሩ አባቶችና እናቶች ሳይነገራቸው ያውቁታል።

በ1923 ዓ.ም. የልብ ሐሳብ የሚለውን መጽሐፍ አወጡ። ልብ የሚለው ቃል በርእሱ ላይ ሲገኝ ይህ ሁለተኛው ነው። የብርሃኔና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ የሚተርክ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆችን ማጋባት የሚያመጣውን ጉዳት ይገልጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሐዲስ ዓለም ተከተለ። በእርሱ ውስጥ አወቀ የሚባል ወጣት በአውሮፓ ተምሮ ወደ አገሩ ይመለሳል። አገሩ ግን እንደ ጥንቱ ቆይታዋለች። ዘመዶቹ ለሠርግና ለተዝካር ያላቸውን አሟጠው እንዲደግሱ ይጠብቁበታል፤ እርሱ ደግሞ ዕዳ ገብቶ መደገስ ለሙታን ምን ይጠቅማል ይላል። ነገሩ ከቤተሰብ ወደ ካህናት ይደርሳል፤ በመጽሐፉ መጨረሻም አባቶች ተሰብስበው ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ይመክራሉ።

እነዚህን መጻሕፍት ቤተ ክርስቲያንን የሚቃወሙ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው። ኅሩይ የሚገሥጹት ቤታቸውን ነበር፤ የሚገሥጹትም በአማርኛ፣ ለቤቱ ሰዎች እንጂ ለሰሚ ባዕድ አልነበረም። የዚህ ዋጋ የታወቀው ኋላ ነው። ኢጣልያ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ በጄኔቫ ኢትዮጵያን ስትከስስ፣ ከክሶቿ ዋነኛው የባርነት ነገር ነበር። ክሱ በክፋት የቀረበ ቢሆንም ከባዶ ሜዳ የተነሣ አልነበረም፤ ባርነት በኢትዮጵያ ውስጥ ነበረ፤ መንግሥትም ይህን አምኖ ሊያስቀር ቃል ገብቶ፣ በ1916 ዓ.ም. ዐዋጅ አውጥቶበት ነበር። የራሱን ነውር በራሱ ቋንቋ አስቀድሞ የተናዘዘ ሰው የጠላት ክስ ሲመጣበት ሁለት ፊት ማሳየት አያስፈልገውም። ጕድለቱን አምኖ፣ ጕድለቱ ለወረራ ምክንያት እንደማይሆን በግልጥ መናገር ይችላል። ልቡ ያልተከፈለ ሰው ማለት ይኸው ይመስላል።

ስለዚህ ሰው ሲነገር ምስጋናው ብቻ ሊነገር አይገባም። የቤተ መንግሥት ሰው ነበሩና በጉዞ መጻሕፍታቸው ውስጥ ለጌቶቻቸው የሚሰጡት ውዳሴ ለዛሬ አንባቢ ይበዛበታል። በ1924 ዓ.ም. በመልእክተኛነት ወደ ጃፓን ተልከው፣ ባዩት ሥልጣኔ እጅግ ተደስተው ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የሚል መጽሐፍ ጻፉ። አንድ የእስያ ሕዝብ ሃይማኖቱንና ንጉሡን ሳይለቅ ጥበብን ሊማር መቻሉ ልባቸውን ማርኮት ነበር። የብርሃን ማኅደር ያሏት ጃፓን ግን ማንቹሪያን የወረረችው በዚያው ዓመት ነው፤ ኋላም በ1929 ዓ.ም. የኢጣልያን የኢትዮጵያ ወረራ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ሆነች። ንጹሕ ልብ ያለው ሰው አይሳሳትም ማለት አይደለም። እንዲያውም ሌላውን በራሱ ልብ ስለሚመዝን ቶሎ የሚታለልበት ጊዜ አለ። የአገሪቱ መሪዎች ሁሉ በጄኔቫ ላይ የጣሉት ተስፋም ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ኢትዮጵያ የዓለም መንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ሲሆን ዕለቱ የመስቀል በዓል ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ሆነ። ከዚያ ወዲያ የሚኒስትሩ ሥራ በአብዛኛው ቃል መላክ ሆነ። ውሉን ጠቅሶ ሽምግልና መጠየቅ፣ የጠላት ጦር በምጽዋና በሞቃዲሾ መከማቸቱን ማስታወቅ፣ ማኅበሩ በገዛ ቃል ኪዳኑ እንዲጸና መለመን። ለግጭት ምክንያት እንዳይገኝባት ኢትዮጵያ ሠራዊቷ ከድንበር 30 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ እንዲርቅ አደረገች። ይህን በሰይፍ ቋንቋ የሚመዝን ሰው ሞኝነት ይለዋል። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጠላት ጦር መረብን ሲሻገርና ዐድዋ በአውሮፕላን ስትደበደብ፣ ማን ወራሪ ማን ተወራሪ እንደሆነ ለማወቅ ዓለም ብዙ ቀን አላስፈለገውም፤ የማኅበሩ ምክር ቤትም ኢጣልያ ቃል ኪዳኑን ማፍረሷን በቀናት ውስጥ ፈረደ።

ፍርዱ ግን እጅ አልነበረውም። ከ50 በላይ መንግሥታት በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ለመጣል ቢስማሙም ነዳጅ ዘይት ከማዕቀቡ ውጭ ቀረ፤ የስዌዝ ቦይም ለጠላት መርከቦች ክፍት ሆኖ ሰነበተ። የመርዝ ጋዙ ሲመጣ ደግሞ ምስክሩ ከጄኔቫ የሄደ ሰው ነበር። የዓለም አቀፍ ቀይ መስቀል ኮሚቴ የላከው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ዡኖ በጋዝ የተቃጠሉትን ሰዎች በዐይኑ አየ፤ ኋላም በመጽሐፉ መሰከረ። መሥሪያ ቤቱ ግን በገለልተኝነት ደንቡ ምክንያት የያዘውን ማስረጃ ለመንግሥታቱ ማኅበር ከመስጠት ተቆጠበ። ደንቡ ለቊስለኛው በር እንዳይዘጋ ተብሎ የተሠራ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም በዚያ የጸደይ ወራት በአንድ ከተማ ውስጥ እውነት የሚያውቅ ቤትና እውነት የሚለምን ቤት ጎን ለጎን ቆመው ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቴሌግራም የሚናገረው ነገር በከተማው በሌላ መዝገብ ተጽፎ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ተነሥተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ያ የባቡር መንገድ ፈቃዱ የተገኘው ከዙሪክ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በደከመበት ሥራ ነበር። ጥበብን ወደ አገር ለማስገባት የተዘረጋው ሐዲድ በዚያ ቀን ስደተኞችን አወጣበት። ብላቴን ጌታ ኅሩይም ከስደተኞቹ አንዱ ነበሩ። ዕድሜያቸው 58 ዓመት ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። በኋላቸው የቀረው ብዙ ነው፤ ቤታቸው፣ ማተሚያ ቤታቸው፣ ያሳትሙት የነበረ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ። ለዚህ ታላቅ ታሪክ መግቢያ ብለው በ1921 ዓ.ም. ያወጡት መጽሐፍ ስሙ ዋዜማ ነው። ዋዜማው ተቆሞ በዓሉ ሳይከበር ቀረ። ከስደተኞቹም በላይ የሚያሳስበው በአገር የቀሩት ልጆቻቸው ነበሩ።

መንገዱ በኢየሩሳሌም በኩል ነበር። ኅሩይ በወጣትነታቸው የተሳለሙትን ከተማ በስደተኛነት እንደገና አዩት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩ። ከንጉሠ ነገሥቱ ንግግር አራት ቀን በኋላ፣ ሰኔ 27 ቀን፣ ጉባኤው ማዕቀቡ እንዲነሣ መንገድ ከፈተ። ኢትዮጵያ ለመከላከያ የጠየቀችው የ10 ሚሊዮን ፓውንድ ብድርም ድምፅ ተሰጠበት፤ 23 መንግሥታት ተቃወሙት፣ 25ቱ ድምፅ ከመስጠት ተቆጠቡ፣ የደገፈችው ኢትዮጵያ ብቻዋን ነበረች። በኦጋዴን ግንባር የተዋጉት ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤልም በዚህ አገር ተራራ ላይ፣ በዳቮስ፣ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. በስደት አረፉ። የሚኒስትሩ ቴሌግራም ሁሉ ያረፈበት መዝገብ በዚህ ተዘጋ።

ንጉሠ ነገሥቱ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ፌርፊልድ የተባለውን ቤት ገዝተው ተቀመጡ፤ ኅሩይም በዚያው ነበሩ። ሰፊ ቤት ቢሆንም ሙቀቱ ጥቂት፣ ገንዘቡም ጥቂት ነበር። በስደት የኖረ ሰው ሁሉ ያን ክረምት ያውቀዋል፤ ፖስታ የሚጠበቅበት፣ ወሬ የሚፈራበት፣ ጾሙና በዓሉ በባዕድ የቀን መቊጠሪያ መካከል እየተሰላ የሚያዝበት ክረምት ነው። ሚኒስትሩ የሚያስተዳድሩት መሥሪያ ቤት አልነበረም፤ የሚፈርሙበት ቴሌግራም ያነሰ፣ የሚሰማቸውም የቀነሰ ነበር። ሹመት ልብን የሚፈትነው ሲሰጥ ብቻ ሳይሆን ሲወሰድም ነው። ከጌቶቻቸው ተለይተው ወደ ሮማ የገቡ፣ ከጠላት ደመወዝ የተቀበሉ መኳንንት ነበሩ። ኅሩይ ግን በዚያው በስደቱ ቤት ጸኑ።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ፍጅት ፋሺስቶቹ በተለይ የተማሩትን ወጣቶች እየፈለጉ ገደሉ። ከተገደሉት መካከል የኅሩይ ሁለት ልጆች፣ ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይና ጆርጅ ኅሩይ ይገኙበታል። ሁለቱም ለአገራቸው እንዲጠቅሙ ተብለው ትምህርት የተማሩ፣ በወረራውም ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ ነበሩ። ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ ብለው የጻፉት አባት የልጆቻቸው መታሰቢያ ሆነው ቀሩ። የሐዲስ ዓለሙ አወቀ ተምሮ ተመልሶ ከዘመዶቹ ጋር ስለ ተዝካር ይከራከር ነበር፤ እነዚህ ግን ተዝካራቸውን የሚያወጣ ዘመድ በአጠገባቸው አልነበረም፤ አባታቸውም በባዕድ አገር ነበሩ።

በዚህ ኀዘን ውስጥ የዚያ ሰው ልብ ከባለቤቱ ጋር ምን እንደተነጋገረ የሚነግር መጽሐፍ አልተጻፈም። ወዳጄ ልቤን የጻፉት በደስታቸው ዘመን፣ ከሹመት ወደ ሹመት ሲወጡ ነበር። በስደቱ ዘመን ከልባቸው ጋር የነበራቸው ወዳጅነት በጽሕፈት ሳይሆን በዝምታ የተያዘ ነው፤ ዝምታውንም ማክበር ይገባል። የሚታየው ይህ ነው፤ ቃላቸውን አልለወጡም፣ ጌታቸውን አልከዱም፣ ከጠላት ጋር አልታረቁም።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. በፌርፊልድ ቤት በ60 ዓመታቸው ዐረፉ። አዲሱ ዓመት ከገባ ዘጠነኛው ቀን ነበር፤ ለመስቀል በዓል ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። በባዝ ተቀበሩ። ንጉሠ ነገሥቱም በመቃብራቸው ላይ ቆመው ስለ አገልግሎታቸው ተናገሩ፤ በጄኔቫ የተናገሩት ንጉሥ በዚያ ቀን የሚሰማቸው ጉባኤ ጥቂት ስደተኞች ብቻ ነበሩ።

አገር ነጻ ከወጣ በኋላ ዐፅማቸው ወደ አዲስ አበባ ተመልሶ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። በኅትመት ላይ ሳለ የተቋረጠው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍም ፈጽሞ አልጠፋም፤ የተረፈው ክፍል በ1999 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በኦክስፎርድ የተማረው ልጃቸው ሲራክ ኅሩይ ከወረራው ተርፎ፣ እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን ስለ አንድ የኢትዮጵያ ልዑል የጻፈውን ራሴላስን ወደ አማርኛ ተረጐመ። ደስታን ፍለጋ ከአገሩ ወጥቶ የሚመለስ ልዑል ታሪክ ነው።